ከመፈራረማችሁ በፊት ላብራቶሪ ግቡ

ከድንበር ማዶ ካለ አካዳሚ ጋር አብራችሁ ልትሠሩ ከሆነ ይህን አንብቡ። ለእኔ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

በ1978 እ.ኤ.አ. የአውስትራሊያ፣ የሜክሲኮ፣ የስዊድን፣ የእንግሊዝና የአሜሪካ የምህንድስና አካዳሚዎች ኬትስ የሚባለውን ዓለም አቀፍ ምክር ቤት መሠረቱ። ያን ታሪክ ሳነብ፣ ላይ ያሉት ከተስማሙ ታች ያለው በራሱ ይሄዳል ብዬ ነበር።

የእኛ ጥናት ከኬንያ መሐንዲሶች ጋር ነበር፤ በጥቁር አፈር ላይ። ዝናብ ሲያገኝ የሚያብጠው፣ በበጋ የሚሰነጠቀው፣ አስፋልት የሚያበላሸው መረሬ። የድጋፍ ደብዳቤ፣ የመግባቢያ ሰነድ፣ ፊርማ፣ ፎቶ፤ ሁሉም በሦስት ወር አለቀ።

ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከአንድ ጉድጓድ የወጣ አፈር ለሁለት ከፍለን ግማሹን ላክን። መጀመሪያ የምንለካው ሊኩዊድ ሊሚቱን ነበር፤ አፈሩ ስንት ውሃ ሲይዝ እንደሚላላ። ውጤታቸው ከእኛ ጋር አልገጠመም። ደገምነው። አሁንም እንቢ አለ። እኔ ታዲያ ምን አደረግኩ? «ላብራቶሪያችሁን ፈትሹ» ብዬ ጻፍኩ፤ ለአለቆቻቸውም ግልባጭ። ዛሬም ሳስበው ያሳፍረኛል። አምስት ወር ተኮራረፍን።

የፈታው አንድ ስልክ ነው። የእኛ ቴክኒሻን ለእነሱ ቴክኒሻን ደውሎ «በስንት ምት ነው የሚዘጋላችሁ?» አለው። ሰውየው ግራ ገባው። ለካ እኛ በአሽቶ፣ በአሜሪካኖቹ የመንገድ ስታንዳርድ ነው የምንሠራው፤ ጭቃውን የነሐስ ሳህን ላይ አድርገን መሃሉን እንሰነጥቃለን፣ ሳህኑን ከፍ ዝቅ እያደረግን ስናንኳኳው ስንጥቁ በ25 ምት ሲዘጋ ያለውን ውሃ እንመዘግባለን። እነሱ በእንግሊዝ ስታንዳርድ 80 ግራም ኮን ጭቃው ላይ ይለቃሉ፤ 20 ሚሊ ሜትር ሲሰምጥ ያለውን ይይዛሉ። ሁለቱም ትክክል ነው። ቁጥሮቹ ግን ይለያያሉ፤ በተለይ እንደ መረሬ ባለ አፈር።

የሚያናድደኝ የተሰጠን መመሪያ ነው። ስለ አርማ አቀማመጥ ሁለት ገጽ አለው። ስለ ምርመራ አንድ መስመር፦ እያንዳንዱ ወገን በአገሩ ስታንዳርድ ይሥራ። እባካችሁ አትስሙት! ከፊርማው በፊት ቴክኒሻኖቹን አገናኙ። አንዱን አፈር ሁለቱም ላብራቶሪዎች በሁለቱም መንገድ ይመርምሩት። ለአንድ ሰው ብቻ የሚሆን የአውሮፕላን ቲኬት ካላችሁም ለአካዳሚው ፕሬዚዳንት ሳይሆን ለቴክኒሻኑ ቁረጡ።

እኛ ሳህኑንም ኮኑንም ጎን ለጎን አስቀምጠን ከመጀመሪያው ጀመርን። የይቅርታ ደብዳቤም ጻፍኩ፤ ግልባጩን የመጀመሪያው ለደረሳቸው ሁሉ ላክሁ።