የመድኃኒቴን መጠን ለማስተካከል የረዳኝ ሰዓት መመዝገብ ነው

ለኤዲኤችዲ (ትኩረት ለማጣትና ለመቅበጥበጥ ችግር) የታዘዘልኝ ቀስ እያለ የሚለቀቅ፣ ሜቲልፌኒዴት የተባለ አነቃቂ መድኃኒት ክኒን ነው። በ18 ሚሊግራም ጀምሬ፣ ሐኪሜ በየሳምንቱ 18 እየጨመረልኝ 54 ደረስኩ፤ ዛሬ የምወስደው ግን 36 ነው። ወደ ታች የመለሰኝ ማስታወሻ ደብተሬ ነው።

ከመጀመሬ በፊት ለሦስት ቀን፣ ከዚያም ከእያንዳንዱ ጭማሪ በኋላ፣ 5 ደቂቃ አረፍ ብዬ የደም ግፊቴንና የልብ ምቴን ለካሁ። መነሻው ካልታወቀ መድኃኒቱ ምን እንደለወጠ አይታወቅም። ደብተሩ ላይ የሰፈረው በአብዛኛው ሰዓት ነው፦ የዋጥኩበት፣ የበላሁበት፣ ቡና የጠጣሁበት፣ የተበሳጨሁበት፣ የተኛሁበት።

ችግሩን የሚለየው ሰዓቱ ነውና። ይህ ክኒን ከተዋጠ ጀምሮ ለ10 እስከ 12 ሰዓታት ያህል ይሠራል። ጠዋት 1 ሰዓት ከተዋጠ፣ በደም ውስጥ የሚበረታው ከቀኑ 7 እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። በዚያ መሀል ጥርስ የሚያናክስ፣ ልብን የሚያስመታ፣ ሰውን የሚያደነዝዝ ከሆነ መጠኑ ሳይበዛ አይቀርም። ብስጭትና ድካም የሚመጣው ግን አመሻሽ 12 ሰዓት ላይ ከሆነ መድኃኒቱ እያለቀ ነው። እኔ የተሳሳትኩት ይህን ሁለተኛውን «አንሶኛል» ብዬ ለሐኪሜ በመንገሬ ነው። 54 ላይ የምሽቱ ብስጭት አልጠፋም፤ የቀን ጥርስ መናከስ ተጨመረበት። ወደ 36 ተመልሼ 10 ሰዓት ላይ መክሰስ መብላት ስጀምር ምሽቱ ቀለለኝ። ለሌላ ሰው ሐኪሙ ከሰዓት በኋላ የሚወሰድ፣ ቶሎ የሚያልቅ ትንሽ መጠን ሊጨምርለት ይችላል።

ምሳ ላይ የምግብ ፍላጎት ይጠፋል። ስለዚህ ቁርሴን ከመዋጤ በፊት ጠገብ አድርጌ እበላለሁ፣ ገንፎ ወይም እንቁላል። ጾመኛ የሆነ ሰው ጾሙ ሳይገባ ሐኪሙንም የንስሐ አባቱንም ያማክር፤ ባዶ ሆድ ላይ ራስ ምታቱና ማዞሩ ይብሳል። መጠን በሚቀየርበት ሳምንት ከአቦል አላልፍም፤ ቶናና በረካ ከተጨመሩ ልብ የሚያስመታው መድኃኒቱ ይሁን ቡናው አይለይም። ጫት ግን ጨርሶ አይቀላቀልም፤ በውስጡ ያለው ካቲኖን ራሱ አነቃቂ ስለሆነ ግፊቱንም የልብ ምቱንም ይደርብበታል።

ጠዋት ረስቼ 3 ሰዓት ካለፈ የዚያን ቀን እተወዋለሁ፤ አለዚያ ሌሊቱን እንቅልፍ የለም። የደረት ሕመም፣ ራስ መሳት ወይም የሌለ ነገር ማየትና መስማት ከመጣ ሳይውል ሳያድር ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ክኒኑ አይሰበርም፣ አይታኘክም፤ አለዚያ የአንድ ቀን መድኃኒት በአንዴ ይለቀቃል። ባዶ ቅርፊቱ በሰገራ ቢታይ አያስደንግጥ፤ መድኃኒቱ ወጥቶ ያለቀ ነው።