ቀለም በቤንዚን

ዛሬ ከኤሚሊ ካር ጋር ነው የዋልኩት። ካናዳዊት ሠዓሊ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1871 ቪክቶሪያ ከተማ ተወለደች። ሳን ፍራንሲስኮ፣ ለንደን፣ ፓሪስ ድረስ ሄዳ ተምራ ስትመለስ ሥዕሏን የሚገዛ ጠፋ። ለዓመታት ቤት አከራይታ፣ ውሻ አርብታ ነው የኖረችው። በ1927 ኦታዋ ላይ ሥራዎቿ ለእይታ ሲቀርቡ ሃምሳዎቹን አጋምሳ ነበር!

እኔን የገረመኝ ግን ዘዴዋ ነው። የዘይት ቀለሙን በቤንዚን አቅጥና ርካሽ ወረቀት ላይ ትሥላለች። ቶሎ ይደርቃል፣ ኪስም አይጎዳም። እጇ እንደልቡ ይሮጣል፤ ሰማዩ የሚሽከረከር የሚመስለው ለዚህ ይመስለኛል። እንጨት ቆራጮች ንቀው የተዉትን ረጅም ቀጭን ዛፍ የሣለችበትን የ1935 ሥራዋን አፍጥጬ አየሁት። ግንዱ ክር ነው፤ ዙሪያው ግን ብርሃን በብርሃን።

በ1933 ደግሞ ተጎታች ቤት ገዝታ «ዝሆኑ» አለችው። ውሾቿንና ጦጣዋን ይዛ ጫካ ትወርዳለች። ጎረቤት ምን ይል ይሆን?

በ1937 ልቧን ስትታመም ወደ መጻፉ አደላች። በ1941 የወጣው የመጀመሪያ መጽሐፏ የካናዳን የጠቅላይ ገዥ ሽልማት ወሰደ። በእኔ ግምት ብዕሯ ከብሩሿ አያንስም።

ያነበባችኋት ካላችሁ፣ ከየትኛው መጽሐፏ ልጀምር?