በጠባብ ቅድ ለሚሠራ የጉልበት ቅየራ ደም ስሮቹን ያጠናሁበት መንገድ

በአጥንት ቀዶ ሕክምና ስልጠና ላይ ሳለሁ የጉልበትን ደም ስሮች በመጽሐፉ ቅደም ተከተል ሸምድጃቸው ነበር። ለፈተና ይበቃል። በጠባብ ቅድ የሚሠራ የጉልበት ቅየራ ላይ ማገዝ ስጀምር ግን አጠናኔን ቀየርኩ። በተለመደው መንገድ ቅዱ ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር ይሆናል። በዚህኛው ወደ 10 ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ የሚደማውን ቦታ ከማየትህ በፊት ማወቅ አለብህ።

ደም ስሮቹን በቀዶ ሕክምናው ደረጃ ደረደርኳቸው። ካፕሱሉ (መገጣጠሚያውን የሚሸፍነው ከረጢት) ሲከፈት የቱ ይነካል? ሜኒስከሱ (በሁለቱ አጥንቶች መሃል ያለው ትራስ መሰል ልምጭ አጥንት) ሲወጣስ? አጥንቱ ሲቆረጥስ? ከዚያ በአናቶሚ ክፍል፣ አስከሬን ላይ፣ በዚያው ቅደም ተከተል ፈለግኳቸው።

የጭኑ ትልቅ ደም ቅዳ ከጉልበት ኋላ ሲደርስ ፖፕሊቲያል ይባላል። አምስት ጀኒኩላር (የጉልበት) ቅርንጫፎች ያወጣል፦ ሁለት ከላይ፣ ሁለት ከታች፣ አንድ ከመሃል። ከጭን የሚወርድና ከቅልጥም ወደ ላይ የሚመለስ ቅርንጫፍም ይጨመራሉ። አብዛኞቹ በጉልበት ሎሚ ዙሪያ ተገናኝተው ቀለበት ይሠራሉ።

ብዙ ጊዜ የሰጠሁት ለዚህ ቀለበት ነው። በሎሚው ውስጠኛ ጎን ስንከፍት የዚያ ጎን ቅርንጫፎች ይቆረጣሉ። ሎሚው ያኔ በአብዛኛው የሚተማመነው በውጪኛው ጎን ነው። ሎሚው ወደ ውጪ እየሸሸ የውጪውን ሽፋን ማላላት ካስፈለገ ደግሞ የላይኛው ውጪኛ ጀኒኩላር አደጋ ላይ ይወድቃል። እሱም ከሄደ አጥንቱ በደም እጦት ሊሞት ወይም ሊሰበር ይችላል። ስለዚህ ከማላላት በፊት፣ የተገጠሙት የሰው ሠራሽ ጉልበት ብረቶች አቀማመጥ ልክ መሆኑ ይታይ። ማላላት ግድ ከሆነም ደም ስሩን ለይቶ ማትረፍ ይቻላል። የጭኑን ጡንቻ ሳይቆርጡ ከሥሩ የሚገቡበትን መንገድ የምወደውም በከፊል ለዚህ ነው፤ ወደ ላይ አብዝተው ካልገፉ ማለቴ ነው። እዚያ ከጭን የሚወርደው ቅርንጫፍ አለ።

ውጪኛው ሜኒስከስ ሲወጣ የታችኛው ውጪኛ ጀኒኩላር ጠርዙ ላይ ነው። ቱርኒኬት (ደም እንዳይፈስ ጭን ላይ የሚጠብቅ ማሰሪያ) ታስሮ ስለማይደማ ሳይታወቅ ይቆረጣል፤ ጉልበቱ የሚያብጠው በኋላ ዋርድ ውስጥ ነው። አሁን ቦታውን ፈልጌ በኮተሪ (በኤሌክትሪክ ሙቀት በሚተኩስ መሣሪያ) እዘጋዋለሁ። የኋላው መስቀለኛ ጅማት ከተነሳ መካከለኛው ጀኒኩላርም እንዲሁ።

ቆዳውም የራሱ ጣጣ አለው። ደም የሚደርሰው ከሥር፣ በይበልጥም ከውስጠኛው ጎን ነው። ስለዚህ ቆዳውን ከሥሩ ካለው ሽፋን ጋር አንድ ላይ እናነሳዋለን እንጂ አንለየውም። ጠባብ ቅድ ላይ ጠርዙን በሪትራክተር (ቅዱን ከፍቶ በሚይዝ መሣሪያ) አጥብቆ መሳብ ደግሞ ይጎዳዋል። አንድ ሲኒየር፣ «ቆዳውን ከምታስጨንቀው ሁለት ሴንቲ ጨምርለት» ይሉኝ ነበር። እውነታቸውን ነው።

ትልቁ ፍርሃት ፖፕሊቲያሉ ነው። ጉዳቱ ብርቅ ነው፤ ሲደርስ ግን እግር ያሳጣል። ደም ስሩ ከኋላው ካፕሱል ጀርባ፣ ብዙውን ጊዜ ከመሃል ትንሽ ወደ ውጪ ያልፋል። ጉልበት ስለታጠፈ ብቻ ከመጋዙ ይርቃል ብሎ መተማመን አይቻልም። የሪትራክተሩ ጫፍ አጥንቱን ሳይለቅ፣ ከመሃል ወደ ውስጠኛው ጎን ይቀመጥ። ከቀዶ ሕክምናው በፊት የእግሩን የደም ትርታ እዳስሳለሁ፣ ራጅ ላይም ግድግዳው በካልሲየም የደረቀ ደም ስር እፈልጋለሁ። ካለ የደም ስር ሐኪም ያየዋል፣ ቱርኒኬት ማሰሩም እንደገና ይታሰብበታል። ቱርኒኬቱ ሲፈታና ታካሚው ዋርድ ሲደርስ ትርታውን ደግሜ እዳስሳለሁ። እግሩ ከቀዘቀዘና ከገረጣ እስኪነጋ አይጠበቅም፤ ጡንቻ ያለ ደም የሚታገሠው 6 ሰዓት ገደማ ነው።