የካርቲካ ሙሉ ጨረቃ

ዛሬ ጥቅምት 26 ቀን 2018 ዓ.ም. ለትምህርት በመጣሁባት በሕንዷ የቪሻካፓትናም ከተማ፣ የአካባቢው ሕዝብ በሆኑት በቴሉጉዎች አቆጣጠር የካርቲካ ወር ጨረቃ የሞላችበት «ካርቲካ ፖውርናሚ» የተሰኘ በዓል ዋለ። ዕለቱ ረቡዕ ስለሆነ እኔም ጾመኛ ነበርሁ፤ ቤታቸውን ያከራዩኝ እናትም ከንጋት ጀምሮ እህል ሳይቀምሱ ዋሉ። ማታ ጨረቃዋ ስትወጣ በግቢያቸው ከተተከለው፣ ከእኛ በሶብላ ጋር ከሚዛመደው የቱልሲ ተክል ሥር ተቀምጠው 365 የጥጥ ፈትሎችን በአንድነት አስረው፣ በነጠረ ቅቤ ነክረው በሸክላ መብራት ላይ አበሩ። የፈትሉ ቁጥር በዓመቱ ቀናት ልክ መሆኑን፣ መብራት ሳያበሩ ያለፉባቸውን ቀናትም እንደሚክስ በዝግታ አስረዱኝ። እሳቱ ከፍ ሲል ቅቤው ይንጣጣ ነበር፤ ሽታው አገር ቤት አደረሰኝ።

ወራቸው በአዲስ ጨረቃ ስለሚጀምር ሙሉ ጨረቃ ሁልጊዜ ወሩ እኩሌታ ላይ ትውላለች። አሥራ ሁለቱ የጨረቃ ወራት ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀናት ገደማ ስለሚያንሱም፣ በዓላቱ ከወቅታቸው እንዳይርቁ በሦስት ዓመት ገደማ አንድ ጊዜ «አዲካ ማሳም» የሚሉትን ወር ይጨምራሉ። የቤተ ክርስቲያናችን የዘመን ስሌት በሆነው በባሕረ ሐሳብ፣ አበቅቴ የሚባለው የጨረቃ ቁጥር የሚሰላው በዚያው በ11 ቀን ልዩነት ነውና፣ ይህን ስሰማ ልቤ በደስታ ሞላ።

መብራቱ ሲጠፋ እናት መጀመሪያ ለእኔ፣ ቅቤም ወተትም የሌለበትን ሩዝ ለይተው አቀረቡልኝ።