ለትልቅ ቤት ዋይፋይ፦ ከራውተሩ በፊት ገመዱን አስቡ

ጂ+2 ቤት ያላቸው ዘመዶችና ጓደኞች ስለ ዋይፋይ ሲጠይቁኝ ጥያቄያቸው ሁሌም «የትኛውን ራውተር ልግዛ?» የሚል ነው። ሳሎን ውስጥ ኢንተርኔቱ ፈጣን ነው። ፎቅ ሲወጣ ይንቀራፈፋል፣ ከዚያ በላይ ይቆራረጣል፣ ጓሮ ሰርቪስ ቤት ጋ ሲደረስ ጭራሽ የለም። ስለዚህ ስምንት አንቴና ያለው ውድ ራውተር ገዝተው መገላገል ይፈልጋሉ። እኔ ደግሞ ሁሌ የምላቸው አንድ ነው፦ ገንዘባችሁን መጀመሪያ ገመድ ላይ አውሉት።

ምክንያቱ ቤታችን የተሠራበት ነገር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ፎቅ ቤት ማለት ብሎኬትና ኮንክሪት ነው። በየፎቁ መሃል ያለው ሶሌታ ውስጥ ፌሮ ተጠላልፎ ተዘርግቷል። የዋይፋይ ሞገድ ኮንክሪት ሲያልፍ በጣም ይዳከማል፣ ብረት ሲያገኝ ደግሞ ይመለሳል። ካርቶኑ ላይ «ይህን ያህል ካሬ ሜትር ይሸፍናል» የሚለውን ጽሑፍ በዚህ ዓይን እዩት። አሜሪካ ያለ ወንድማችሁ «እኔ ቤት አንድ ራውተር ይበቃኛል» ቢላችሁ እውነቱን ነው፤ የሱ ቤት የውስጥ ግድግዳ በአብዛኛው እንጨትና ጂፕሰም ነው። ያው ዕቃ በሻንጣ ተጭኖ መጥቶ እኛ ሶሌታ ሥር ሲቀመጥ ሌላ ነገር ይሆናል።

ሌላው ብዙ ሰው የማያስበው ነገር፣ ስልካችሁም መልስ መላክ አለበት። ራውተሩ ቢጮህም የስልኩ ድምፅ ትንሽ ነው፤ ባትሪውም አንቴናውም ትንሽ ስለሆነ። ስክሪኑ ላይ የምታዩት ምልክት ስልኩ ራውተሩን ምን ያህል እንደሚሰማ እንጂ ራውተሩ ስልኩን ምን ያህል እንደሚሰማ አይነግራችሁም። ለዚህ ነው እናቴ ፎቅ ላይ ሆና ምልክቱ እየታያት፣ ውጭ ካሉት ልጆቿ ጋር በኢሞ ስታወራ እነሱ «ድምፅሽ አይሰማም፣ ተቆረጥሽ» የሚሏት። በዚያ ላይ የራውተር ጉልበት በሕግ የተገደበ ነው፤ አውሮፓ ውስጥ ለምሳሌ፣ ዋይፋይ ከሚሠራባቸው ሞገዶች አንዱ በሆነው በ2.4 ጊጋኸርዝ ጣሪያው 100 ሚሊዋት ነው። አንቴና ስለበዛ ይህ አይቀየርም።

ስለ 2.4 እና 5 ጊጋኸርዝ ባጭሩ፦ 2.4 ግድግዳ በማለፍ ይሻላል፣ ግን ጠባብ ነው፤ ሞገዱ ከተከፋፈለባቸው ቻናሎች ሳይነካኩ የሚሠሩት 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው፣ ጎረቤቶቻችሁም እዚያው ላይ ናቸው። 5 ፈጣን ነው፣ ግን ሁለት የብሎኬት ግድግዳ ሲያልፍ ይደክማል። 6 ጊጋኸርዝ ከሱም የባሰ ነው። ስለዚህ በ6 ጊጋኸርዝም የሚሠራውን፣ ዋይፋይ 7 የተባለውን አዲሱን መግዛት ሶሌታውን አያሻግራችሁም።

ምንም ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። ላፕቶፕ በገመድ ራውተሩ ላይ ሰክታችሁ ፍጥነቱን ለኩ። እዚያም ቀርፋፋ ከሆነ ችግሩ መስመሩ ወይም የገዛችሁት ፓኬጅ ነው፣ የትኛውም ዕቃ አያድነውም። እዚያ ጥሩ ከሆነ ስልኩ ላይ የዋይፋይ መለኪያ አፕ ጭናችሁ ክፍል በክፍል ዙሩ። ቁጥሩ የሞገዱ ጥንካሬ በሚለካበት በዲቢኤም ነው የሚመጣው፣ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ይሻላል። ‑50 አካባቢ በጣም ጥሩ ነው፣ እስከ ‑67 ድረስ ቪዲዮ ጥሪ ያለ ችግር ይሠራል፣ ‑80 ከደረሰ የሚሠራ ነገር አትጠብቁ። ከዚያ ራውተሩ ያለበትን ቦታ እዩ። ብዙ ጊዜ ባለሙያው ፋይበሩ በገባበት መስኮት ጥግ ወይም ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አስቀምጦት ይሄዳል። ወደ ደረጃው አካባቢ ማምጣት ከቻላችሁ አምጡት፤ ደረጃው ሶሌታው የተከፈተበት ቦታ ስለሆነ ሞገዱ በዚያ በኩል ይወጣል። ከውሃ ሮቶና ከትልቅ መስታወት አርቁት።

ሪፒተር የሚባለው ርካሹ ዕቃ ለትልቅ ቤት አይሆንም ባይ ነኝ። በአንድ ሬዲዮ ሰምቶ በዚያው ሬዲዮ ስለሚደግም ፍጥነቱን ቢያንስ በግማሽ ይቀንሰዋል። ሰዎች ደግሞ ምልክት የሌለበት ክፍል ውስጥ ይሰኩታል፤ እሱ ራሱ ያልሰማውን ከየት አምጥቶ ይድገም? ሜሽ (እየተነጋገሩ እንደ አንድ ዋይፋይ የሚሠሩ ሁለት ሦስት ዕቃዎች)፣ እንደ ቲፒ‑ሊንክ ዴኮ ያሉት፣ የተሻለ ነው። ግን ዕቃዎቹ እርስ በርስ በአየር የሚነጋገሩ ከሆነ መሃላቸው ያለው ያው ሶሌታ ነው። በገመድ ካገናኛችኋቸው ግን በጣም ቆንጆ ይሠራሉ። ስትገዙ የኔትወርክ ገመድ መሰኪያ እንዳላቸውና በገመድ መገናኘት እንደሚችሉ አረጋግጡ።

እኔ የምመርጠው ግን ይህን ነው፦ ከፋይበሩ ሳጥን ወደ አንድ ስዊች (አንዱን መስመር ለብዙ ገመድ የሚያከፋፍል ሳጥን)፣ ከስዊቹ ወደ እያንዳንዱ ፎቅ አንድ ገመድ፣ ኮሪደሩ ጣሪያ ላይ አንድ አክሰስ ፖይንት (በገመድ የመጣውን ኢንተርኔት በዋይፋይ የሚያሰራጭ ዕቃ)። በጀት ከሌለ አሮጌ ራውተርም ይሆናል፤ ወደ አክሰስ ፖይንት ሞድ ቀይሩት፣ ስሙንና ፓስወርዱን ከዋናው ጋር አንድ አድርጉት፣ ቻናሉን ግን ለዩት። ገመዱ ካት 6 ይሁን፣ እስከ 100 ሜትር ይሄዳል። መርካቶ ስትገዙ ግን ተጠንቀቁ። ውስጡ አሉሚኒየም ሆኖ ላዩ ብቻ መዳብ የተቀባ ገመድ እንደ እውነተኛ ይሸጣል። የአንዱን ሽቦ ጫፍ በምላጭ ፋቅ አድርጉት፤ ውስጡ ነጭ ከሆነ ተዉት። ግድግዳ ውስጥ የሚቀበር ነገር ላይ መቆጠብ ያናድደኛል፣ ምክንያቱም ለማውጣት እንደገና መቦርቦር ነው።

አሁን ስለ መብራት። ስዊቹም አክሰስ ፖይንቶቹም ፒኦኢ የሚባለው ዓይነት ቢሆኑ፣ አክሰስ ፖይንቶቹ ኃይል የሚያገኙት በዚያው የኔትወርክ ገመድ ነው። ይህ እኛ አገር ትልቅ ነገር ነው። የፋይበሩን ሳጥንና ስዊቹን አንድ ቦታ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ከባትሪ ኃይል የሚሰጥ ዕቃ) ላይ ብትሰኩ፣ መብራት ሲሄድ ሁሉም ፎቅ ላይ ዋይፋዩ ይቀጥላል፣ ለየፎቁ ለብቻ ባትሪ መግዛት የለም። የቤት ፋይበር ብዙውን ጊዜ ጂፖን በሚባለው አሠራር ስለሚመጣ፣ ከጣቢያው እስከ ቤታችሁ መንገድ ላይ በመብራት የሚሠራ ዕቃ የለውም፤ የሰፈር መብራት ቢጠፋም ጣቢያው እስካለ መስመሩ ይሠራል። ስዊቹና አክሰስ ፖይንቶቹ አንድ ዓይነት የፒኦኢ ደረጃ መሆናቸውን ብቻ አረጋግጡ፣ 802.3ኤኤፍ ወይም ኤቲ የሚል ተጽፎባቸዋል። 24 ቮልት የሚሉ የቆዩ ዓይነቶች አሉ፣ ከነሱ ጋር አትቀላቅሉ።

ሰርቪስ ቤቱ ጋ የሚሄደው ገመድ በአየር ተንጠልጥሎ ባይሄድ ይመረጣል። ክረምት ላይ መብረቅ ሲመታ፣ ቤቱን ባይነካ እንኳ፣ ሁለት ሕንፃ የሚያገናኝ የመዳብ ገመድ የተሰኩበትን ዕቃዎች ሊያቃጥል ይችላል። በቱቦ ቅበሩት። ከተቻለ ለዚያ መንገድ ፋይበር ተጠቀሙ፣ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፣ ሁለቱም ጫፍ ላይ የምትሰኩት መቀየሪያም በጣም ውድ አይደለም።

ቤት እያሠራችሁ ያላችሁ ደግሞ ልስን ሳይጀመር ኤሌክትሪሻኑን ያዙት። ከፋይበሩ መግቢያ ወደ እያንዳንዱ ፎቅ ኮሪደር ጣሪያ፣ ወደ ሰርቪሱና ወደ አጥር በሩ፣ ከመብራት መስመር የተለየ ባዶ ቱቦ ይዘርጋ፤ ውስጡም መጎተቻ ሽቦ ይተውበት።