ኦቨርታይሜን ያስመለሰው የእቁብ ደብተር

ደብተሬን ጠረጴዛው ላይ ስዘረጋ የሕግ ተማሪዋ መጀመሪያ ያየችው ዓመቱን ነው። 2010 ይላል። ፊቷ ቅር አለው። አስተርጓሚው በስልክ «ይሄ በጣም ቆይቷል ትላለች፣ ያልተከፈለሽን ለመጠየቅ ያለሽ ጊዜ ሦስት ዓመት ብቻ ነው» አለኝ። እኔ ሳቄ መጣ። የእኛ 2010 ነዋ! በፈረንጁ 2018። አስተርጓሚውም ገባውና እሱም ሳቀ። ቀጥሎ ጳጉሜን ላይ ደረስን። አሥራ ሦስተኛ ወር ማስረዳት እንዲህ አድካሚ መሆኑን ያኔ ነው ያወቅኩት።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ዲቪ ደርሶኝ አሜሪካ የገባሁት በፈረንጆቹ 2017 ነው። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ወንድሜ ጋ ነበር። ሥራ ያገኘሁት ግን ዋሽንግተን ዲሲ፣ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ኩሽና ውስጥ። ሽንኩርት እከትፋለሁ፣ ወጥ እሠራለሁ፣ ዕቃ አጥባለሁ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ማታ አሥራ ሁለት፣ በሳምንት ስድስት ቀን። የሚከፈለኝ በሰዓት 13 ዶላር ከ25 ሳንቲም። ከጁላይ 1 ቀን 2018 ጀምሮ የዲሲ ዝቅተኛ ክፍያም ያው ነበር። ስለዚህ «ሕጋዊ ነው» ብዬ ቁጭ አልኩ።

የክፍያ ወረቀቴ ላይ ግን ሁልጊዜ 40 ሰዓት ነው የሚጻፈው። የቀረው 14 ሰዓት በፖስታ ውስጥ ጥሬ ብር ሆኖ ይመጣል፣ በዚያው ሒሳብ። ከ40 ሰዓት በላይ የተሠራው በአንድ ተኩል መታሰብ እንዳለበት የነገረችኝ ባቡር ላይ የማገኛት አንዲት የኤል ሳልቫዶር ሴት ናት። የእሷም እንግሊዝኛ የተሰባበረ፣ የእኔም የተሰባበረ፤ ግን «ኦቨርታይም» ላይ ተግባባን። ቤት ገብቼ አሰላሁት። በሳምንት 92 ዶላር ከ75 ሳንቲም ይጎድለኛል። በ31 ሳምንት 2,875 ዶላር። ለእኔ የሦስት ወር የቤት ኪራይ ድርሻዬ ማለት ነው።

ለባለቤቱ ነገርኩት። ጋሼ ነው የምለው፣ በዕድሜ አባቴ ይሆናል። «እኛ እኮ ቤተሰብ ነን፣ ምን ነካሽ ልጄ?» አለኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ስድስቱ ቀን ሦስት ሆነ። በፌብሩዋሪ 2019 ጥዬ ወጣሁ።

ከዚያ ሽማግሌ መጣ። ሁለት የተከበሩ አባቶች፣ ከቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው። «ያገርሽን ሰው ፈረንጅ ጋ ልትከሺ ነው?» አሉኝ። ይዘው የመጡት 600 ዶላርና በእንግሊዝኛ የተጻፈ አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ፈርሚ አሉኝ። አልፈረምኩም። ጀግና ስለሆንኩ እንዳይመስላችሁ፣ ማንበብ ስላልቻልኩ ነው። በኋላ ሲነበብልኝ «የምጠይቀው ምንም ክፍያ የለኝም» ይላል። ሽምግልናን አከብራለሁ። ባልና ሚስት ያስታርቃል፣ ደም ያደርቃል። የሠራሁበት ሰዓት ግን ግማሽ መንገድ የሚገናኙበት ነገር አይደለም። አሁንም እንደዚያ ነው የማስበው፤ እናቴ አሁንም አትስማማም።

ጓደኛዬ ናት ዋሽንግተን ሎየርስ ኮሚቴ የሚባል የጠበቆች ድርጅት የሚያካሂደውን ነፃ የሠራተኞች መብት የሕግ ምክር ክሊኒክ የነገረችኝ። የሕግ ተማሪዎችና በጎ ፈቃደኛ ጠበቆች ናቸው የሚያዳምጡት። ስሄድ የወንድሜን ልጅ ይዤ ነበር፣ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ስህተት ነበር። ልጅቷ «ክስ» ስላት ደነገጠች፣ የሆነ ያልሆነውን ቀላቅላ ነገረቻቸው። እነሱ ራሳቸው «ልጅ አናስተረጉምም» ብለው ስልክ ላይ አማርኛ አስተርጓሚ አገኙልኝ። እኔ ደግሞ ሌላ ፍርሃት መጣብኝ። አስተርጓሚው ሐበሻ ነው። ባለቤቱን ቢያውቀውስ? የዲሲ ሐበሻ እንደሆነ ሁሉም የሁሉም የአክስት ልጅ ነው። ሰውየው ሌላ ስቴት እንደሚኖር፣ የሰማውን ማውራት እንደማይችል፣ ካልተመቸኝም ሌላ መጠየቅ እንደምችል ሲነግሩኝ ነው አፌ የተከፈተው።

እዚያ የሰማሁት ብዙ ነው። የገረመኝን ልንገራችሁ። አንደኛ፣ የሚገዛው የምትኖርበት ሳይሆን የምትሠራበት ቦታ ሕግ ነው። እኔ ሜሪላንድ አድሬ ዲሲ ስለምሠራ የዲሲ ሕግ ነው የሚመለከተኝ። ያኔ ወንዙን ተሻግሮ ቨርጂኒያ ያለው ዝቅተኛ ክፍያ ገና 7 ዶላር ከ25 ነበር፣ ልዩነቱን አስቡት። ደግሞ የዲሲ ሕግ የሚለው ያልተከፈለኝን ብቻ አይደለም። በላዩ የዚያን ሦስት እጥፍ ካሳ መጠየቅ ይቻላል፣ ከረታሁም የጠበቃውን የሚከፍለው አሠሪው ነው። ቅሬታ ባሰማሁ በ90 ቀን ውስጥ ቢያባርረኝ ወይም ሰዓት ቢቀንስብኝ ሕጉ ከመነሻው ብቀላ ነው ብሎ ይወስደዋል። አይደለም ብሎ ማስረዳት የእሱ ዕዳ ነው። እኔ ያን ሳላውቅ «ሰዓት የቀነሰብኝ ሥራ ስለቀዘቀዘ ይሆናል» እያልኩ ለሰውየው ጠበቃ ሆኜለት ነበር።

ወደ ደብተሩ ልመለስ። ደብተሩ የእቁብ ነው። በአንድ በኩል የእቁብ ጣይ ስም፣ በሌላ በኩል የገባሁበትና የወጣሁበት ሰዓት። ለክስ ብዬ አይደለም፤ አባቴ የቀን ሠራተኛ ስለነበር «የሠራሽበትን ጻፊ» ማለት ልማዱ ነው። የክሊኒኩ ጠበቃ ስታየው ዓይኗ በራ። አሠሪ ትክክለኛ የሰዓት መዝገብ ካልያዘ የሠራተኛው ማስታወሻ ይሰማል፤ ይህ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ገና በፈረንጆቹ 1946 የወሰነው ነው አለችኝ። ችግሩ ሁሉም ነገር በሐበሻ መሆኑ ነው። «ከ3 እስከ 12» ይላል። ፈረንጅ ሲያነበው ከሌሊቱ ዘጠኝ ጀምሬ ነው፣ ወይም እኩለ ሌሊት ድረስ ሠርቼ። ሁለት ቅዳሜ ቁጭ ብለን አንድ በአንድ ገለበጥነው። ጳጉሜን 1 ሴፕቴምበር 6፣ ጳጉሜን 5 ሴፕቴምበር 10። ዋናውን ደብተር ግን አልነካነውም። እንዳትደልዢው፣ እንዳታሳምሪው ነው ያለችኝ። የወጥ ጠብታ ያረፈበት ገጽ ሁሉ እንዳለ ገባ።

ቅሬታውን ያስገባነው ሚኒሶታ አቬኑ ላይ ባለው የዲሲ የሥራ ስምሪት መሥሪያ ቤት፣ የደመወዝና ሰዓት ክፍል ነው። አስተርጓሚ መጠየቅ አላሳፈረኝም፤ በፈረንጆቹ 2004 የወጣ የቋንቋ ሕግ አለ። የዲሲ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ ግዴታቸው ነው። ዋና ዋና ወረቀቶችን ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱም አማርኛ ነው። ይህን ስሰማ ኮራሁ፣ አልደብቅም።

ሰባት ወር ፈጀ። በመጨረሻ በስምምነት 5,500 ዶላር አገኘሁ። ብገፋበት ከዚያ በላይ ይገኝ ነበር ይላሉ። ደክሞኝ ነበር። አንዳንዴ ይቆጨኛል፣ አንዳንዴ አይቆጨኝም።

የሚያሳዝነኝ አብራኝ ትሠራ የነበረችው ልጅ ነገር ነው። አሳይለም፣ ማለትም ጥገኝነት ጠይቃ ኬዟ ገና ነበር። «ስሜ ከተነሳ ኬዜን ያበላሹብኛል» ብላ ፈራች። ፎርም የሚሞላላት ሰውዬ ነው እንዲህ ያላት፤ ጠበቃም አይደለም፣ ከአሜሪካ ፍትሕ መሥሪያ ቤት ፈቃድም የለው። የሠራተኛ ሕጉ ወረቀት ላለው ብቻ እንዳልሆነ፣ ለሠራችበት የመከፈል መብቷ ከኬዟ ጋር እንደማይያያዝ ብነግራት አላመነችኝም። ለኬዟ ግን ከዚያ ሰውዬ አላቅቄ አዩዳ የሚባለው ድርጅት ጋ ወሰድኳት፤ ከፈረንጆቹ 1973 ጀምሮ ስደተኛ ሲረዱ የኖሩ ናቸው። ስለ ደመወዙ አላነሳንም።

በ2021 መጀመሪያ፣ ማታ ላይ ደወለች። ሰላምታም አላስጨረሰችኝ።

«አንቺ፣ ያን ጊዜ ጳጉሜን ላይ ስንት ቀን ነበር የሠራነው?»

ደብተሩን ልፈልግ ተነሳሁ።