ያለ ፓርቲ የመጡት አንጋፋ

ዛሬ ሜልበርን ውስጥ፣ ባቡር ጣቢያው በር ላይ አንድ አንጋፋ ፖለቲከኛ አገኘሁ። ለዓመታት የፓርቲ ሰው ነበሩ። አሁን ለአውስትራሊያዋ ቪክቶሪያ ግዛት ፓርላማ በግል ይወዳደራሉ። አንዲት ታጣፊ ጠረጴዛ፣ በጎማ የታሰረ በራሪ ወረቀት፣ ከጎናቸው ልጃቸው። በቃ።

ስለ ሆስፒታል ወረፋ ጠየቅኳቸው። ብቻቸውን በጀት ማስወሰን እንደማይችሉ፣ ሚኒስትሩን ግን ፓርላማ ውስጥ እንደሚያፋጥጡ ነገሩኝ። ደስ ያለኝ ይሄ ነው። ጀማሪ ቢሆን ቃል ይደረድርልኝ ነበር።

አንዳንድ ጓደኞቼ የግል ተወዳዳሪ መምረጥ ድምፅ ማባከን ነው ይላሉ። ኧረ አይደለም! እዚህ እኮ እጩዎቹን በቅደም ተከተል ቁጥር ነው የምንሰጣቸው። 1 ያልነው ሰው ከውድድሩ ከወጣ ድምፃችን 2 ወዳልነው ያልፋል። ደግሞ በ1999 እ.ኤ.አ. የሌበር ፓርቲውን መሪ ስቲቭ ብራክስን ደግፈው የያኔው የግዛቱ መሪ የጄፍ ኬኔት መንግሥት እንዲወርድ ያደረጉት 3 የግል ተመራጮች ናቸው።

ከፓርቲያቸው ለምን እንደወጡ ግን አድበስብሰው አለፉት። ይሄ ከንክኖኛል። መራጭ ምክንያቱን ማወቅ አለበት። ቅዳሜ የእጩዎች መድረክ አለ፤ የሰፈር ልጆች፣ ኑና አብረን እንጠይቃቸው።